ከወላጅ ጋር ብቻ

እስከዳር ፊልሟን ሊገመግሙ ከተቀመጡት ሦስት ሰዎች አንዱን ገና ሲገባ ጠላችው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጥቁር በርኖስ ከትከሻው የማይወርድ ሰው ነው። አትናቴዎስ ይባላል። የዘመሮ ከተማ ፊልም ገምጋሚ ኮሚቴ ጸሐፊ ነው፤ የትኛው ፊልም ለስንት ዓመት ሰው እንደሚፈቀድ በእጁ የሚጽፈው እሱ ነው።

ፊልሙ ተጀመረ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ አስካለ ማርያም መነጽራቸውን አስተካክለው ያያሉ። ሦስተኛው ገምጋሚ ገና ከመጀመሩ «ለቅሶ አለብኝ» ብሎ ወጣ። አርባ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ፈረሰኞች አንዲትን ልጅ ከውሃ መንገድ ጠልፈው ሲወስዷት፣ አትናቴዎስ በርኖሱን ወደ ፊቱ ሳበና አንገቱን ደፋ። ትዕይንቱ እስኪያልፍ ቀና አላለም።

«ተኛ!» አለች እስከዳር በሆዷ። ሁለት ዓመት የለፋችበት ፊልም ላይ እንቅልፍ...

ሲያልቅ ብዕሩን አውጥቶ «ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የተከለከለ» ብሎ ጻፈ። ወይዘሮ አስካለ ማርያም ማኅተም መቱበት።

«ለምን?» አለች እስከዳር።

«ጠለፋ አለበት።» ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ይኼ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

«ፊልሙ ስለ ጠለፋ ነዋ!»

«አውቃለሁ። ለልጅ ይከብዳል።»

«ይግባኝ እላለሁ።»

«መብትሽ ነው» አለና በሩን ከፈተላት። ውጭ ጉም ወርዷል። «በዚህች ጃኬት የኛን ብርድ አትችይውም» ብሎ በርኖሱን ሊያወልቅ ሲል ጥላው ሄደች።

እስከዳር የቀየት ገጠር ልጅ ናት። ስምንተኛ ክፍል ሳለች ጥር መጥቶ ሲያልፍ ከክፍሏ ሦስት ልጃገረዶች አልተመለሱም፤ ተድረው ነበር። ያን ጊዜ በሆዷ የያዘችውን ነው ካደገች በኋላ ካሜራ ተሸክማ ዘመሮ መጥታ የሠራችው። የሠራችውም ለእነዚያ ልጆች እኩዮች ነው። አሁን ታኅሣሥ ነው፤ ጥር ሳይገባ ካላዩት ለዘንድሮዎቹ ምን ይረባቸዋል?

ዘመሮ ደግሞ ፊልም የሚያየው ተማሪ ነው። ትልቅ ሰው ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ዕድሩ አለለት፤ ፊልምን የልጅ ነገር ይለዋል። «አሥራ ስምንት» የምትለው ቁጥር እንግዲህ ከተመልካቿ ላይ ጥቂቱን አልቀነሰችም፤ ጠራርጋ ነው የወሰደችባት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ተቀመጠ። ሁለቱ ብርድ ሸሽተው የገቡ ናቸው። በር ላይ አትናቴዎስ ቆሞ ውሳኔው መከበሩን ያያል።

«ዕድሜሽ ስንት ነው?» አላት ነጠላዋን ተከናንባ የመጣችውን ልጅ።

«አሥራ አምስት።»

«እንግዲያው አትገቢም እህቴ።»

ልጅቷ ከጀርባው የተለጠፈውን ፖስተር አሳየችው። «ያቺ እኮ እኔ ነኝ።»

ዞሮ ፖስተሩን አየ፤ ተመልሶ ልጅቷን አየ። እውነትም እሷ ናት። የፊልሙ ዋና ተዋናይ ሙሉመቤት።

እስከዳር ሰምታ ወጣች። «ልትሠራበት ትችላለች፤ ልታየው ግን አትችልም። አይደል?»

«ደንቡ...» ብሎ ጀመረ።

«ተይው እትዬ» አለች ሙሉመቤት። «እኔስ መጨረሻውን አውቀዋለሁ። አባቴ ነው የማያውቀው። የትምህርት ቤት ድራማ መስሎት ነው የፈቀደልኝ። አሁን ለጥር ቀን ቆርጦልኛል።»

እስከዳር ክው አለች። «ሊድርሽ ነው? ሕግ የለም እንዴ? እከሰዋለሁ!»

«አባቴንማ እንዳታሳስሪብኝ! እኔ የምፈልገው... አንድ ጊዜ ቢያየኝ ነው።»

ይህን ብላ በጉሙ ውስጥ ሄደች። አትናቴዎስ በዓይኑ ሸኝቷት ቀረ።

ሰኞ እስከዳር ማመልከቻዋን ይዛ ቢሮው በር ላይ ተገኘች። ማክሰኞም፣ ረቡዕም።

«ዛሬም መጣሽ?» አላት አትናቴዎስ።

«ነገም እመጣለሁ።»

ሐሙስ ስትደርስ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ወንበር ተቀምጦላታል፤ ወንበሩ ላይ የተጣጠፈ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ። ሲለብሱት ብርዱን ያስረሳል። ጓሳ ተራራ ላይ ፈረሶቹን እንዴት አድርጋ እንደቀረጸች ጠየቃት፤ ነገረችው፤ ሳቁ። በማግሥቱ ቀይ ሻርፗን መስታወት ፊት ስታስር ራሷን አገኘችው። «ለይግባኝ ነው የምትሄጂው አንቺ ሴት!» ብላ ተቆጣች፤ ሻርፑን ግን አልፈታችውም።

«የጠለፋዋን ሁለት ደቂቃ ብትቆርጫት» አላት የዚያን ዕለት፣ እንደ መለመን ብሎ፣ «አሥራ ሦስት ይሆንልሻል።»

«እሷን ከቆረጥኩ እኮ ልጅቷ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ሙሽራ ሆና ትገኛለች። የሰርግ ፊልም ይሆናል!»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ለነገሩ አንተ መች አየሃት? ተሸፋፍነህ ተኝተህ ነበር።»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «አልተኛሁም» አለ ቀስ ብሎ። ወረቀቶቹን ሰብስቦ ወጣ። እስከዳር ባናውን እንደለበሰች ብቻዋን ቀረች፤ ምን እንዳጠፋች አላወቀችም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሰባት ሰው መጣ። ፊልሙ አልቆ ሁሉም ሲወጣ አንዲት ሴት አልተነሳችም። አጠገቧ ለገበያ የመጣ የባና እስር አለ።

«እፀገነት እባላለሁ» አለች። «የአትናቴዎስ ታላቅ እህት ነኝ። ተኝቶ ነበር ብለሽዋል አሉ።»

እስከዳር አጠገቧ ተቀመጠች።

«እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ እሱ አሥር። ውሃ ልንቀዳ አብረን ወርደን ሲወስዱኝ ድንጋይ ሥር ገብቶ ዓይኑን ጨፈነ። ምን ያድርግ፣ ልጅ ነው! እኔ ካመለጥኩ ስንት ዓመቴ፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ዓይኑን አልገለጠም።»

«እኔ እኮ... አላወቅሁም...»

«አንቺ ምን አጠፋሽ?» ወደ በሩ ዞረች። «ና ወዲህ አንተ ልጅ። ቆመህ እንደምትሰማ አውቃለሁ።»

አትናቴዎስ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። «ልጆቹን ልጠብቅ ብዬ ነው እታለም።»

«እኔን ሲወስዱኝ ዕድሜዬን የጠየቀ አልነበረም» አለችው። «ለመጠለፍ የደረሰች ልጅ ለማየት አልደረሰችም ትላለህ?»

ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። እስከዳር አጠገቡ ሄደች። እጁን ልትይዘው ፈለገች፤ አፈረች።

«በርኖስህን ስጠኝ» አለችው። «በርዶኛል።»

አውልቆ ሰጣት።

ረቡዕ ይግባኙ ታየ። አትናቴዎስ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም፤ ከባለጉዳዮች ጋር ቆመ። ወይዘሮ አስካለ ማርያም የጻፈውን ደብዳቤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«‹በመጀመሪያው ግምገማ አንዱን ትዕይንት ሳላይ መፈረሜን አምናለሁ። አሁን ሙሉውን አይቻለሁ። ሆኖም ድምፅ እንዳልሰጥ ይፈቀድልኝ፤ ምክንያቱም ባለፊልሟን...›» ቆም አሉ። መነጽራቸውን ጠረጉ። «‹...ባለፊልሟን ስለምወዳት ፍርዴ ሊያዳላ ይችላል።›»

እስከዳር ጉንጯ ጋለ፤ የምትገባበት ጠፋት።

«ዛሬም ለቅሶ ብሄድ ኖሮ ይኼ ሁሉ አምልጦኝ ነበር» አለ ሦስተኛው ገምጋሚ።

«ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ ማርያም።

«ይያያዝ» አለ አትናቴዎስ። «አስተያየትም አለኝ። ልጆቹ ይግቡ፤ ግን ከወላጅ ጋር ብቻ።»

እስከዳር ብድግ አለች። «ወላጅ ፊልም አያይም! ከዚህስ መከልከሉ ምን ለየው?»

«ቀን የሚቆርጡት እነማን ናቸው እስከዳር? ልጆቹ ናቸው?» አላት ዓይን ዓይኗን እያየ። «ሙሉመቤት በር ላይ ያለችውን አብረን ሰምተናል። ልጆቹን ብቻ ካስገባሽ አባቶቹ ገበያ ይውላሉ። ልጅ እየጎተተ ካላመጣቸው ማን ያመጣልሻል?»

እስከዳር ሁለት ዓመት ሙሉ አዳራሹን በልጃገረዶች ሞልታ ነበር በሐሳቧ ያየችው። አንድም ቀን አንድ አባት አስገብታ አታውቅም።

«ይሁን» አለች።

ማኅተሙ ተመታ። ደጅ ሲወጡ ተጠጋት። «መልስሽን አልሰማሁም።»

«ይሁን አልኩ እኮ።»

«ለደብዳቤው ነው።»

«መጀመሪያ አዳራሹ ይሙላ» አለችውና ፈገግታዋን በሻርፗ ሸፈነች።

ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ ልጃገረዶቹ አባቶቻቸውን ከገበያ እየጎተቱ አመጡ። ያልተሸጡ በጎች አዳራሹ በር ላይ ታሰሩ። ሙሉመቤት የአባቷን የአቶ ይታየውን እጅ ይዛ አትናቴዎስ ፊት ቆመች።

«ወላጄ ይኸው» አለችው።

«ግቢ» አላት።

መቀመጫ ጠፍቶ ግድግዳ የተደገፈ ብዙ ነበር። አርባ ሁለተኛው ደቂቃ ደረሰ። አትናቴዎስ በእህቱና በእስከዳር መካከል ተቀምጧል። እንባው ይወርዳል፤ ዓይኑን ግን አልጨፈነም። እስከዳር በዚህ ጊዜ አላፈረችም፤ እጁን ያዘችው።

መብራት ሲበራ አቶ ይታየው ከተቀመጡበት አልተነሱም።

«ያቺ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«ስትጣሪ... የደረሰልሽ ሰው የለም።»

«ፊልም ነው እኮ አባባ።»

«አውቃለሁ» አሉ። ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። «ያን የሰርግ ቀን አፈርሰዋለሁ። ትምህርትሽን ጨርሺ።»

ሙሉመቤት አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ከኋላ ያሉ አባቶች ሰምተዋል፤ አንዳንዱ ልጁን አየ፣ አንዳንዱ መሬቱን።

እስከዳር ማልቀሷ እንዳይታይባት በጎቹ መካከል ወጥታ ቆመች። አትናቴዎስ ተከተላት።

«አዳራሹ ሞላ» አላት።

«ሞላ።»

«እንግዲህ ሽማግሌ ልልክ ነው።»

«ወደ ማን?»

«ወደ አባትሽ ነዋ!»

እስከዳር እንባዋን ጠረገችና ቀና ብላ አየችው።

«መጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ።»

በርኖሱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት።

«ታገቢኛለሽ እስከዳር?»

«አዎ» አለችው።

ሽማግሌዎቹ ወደ ቀየት የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።