ሦስት ንጉሥ በሟቹ ፊት

ልብስ ሰፊው ማጅራቱን ተመትቶ በመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሲገኝ፣ ከወንበሩ ኋላ የወደቀው ካውያ ገና ለብ ያለ ነበር። ያገኘችው ልጁ ናት። አልጮኸችም። እጇ የገባላትን ሰፊ ጨርቅ አንስታ አባቷንም፣ ከክንዱ አጠገብ የተዘረጋውን የመጫወቻ ካርታም ልብ ሳትል ሸፈነችና ጎረቤት ጠራች። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ይላታል። እሷ ግን የሚወጣ ነገር አጣች።

የተላከው መርማሪ ዕድሜው የገፋ ሰው ነው። ሰው ለመናገር ሲቸኩል «ቆይ» ማለት ስለሚወድ ባልደረቦቹ «አቶ ቆይ» ይሉታል። ጨርቁን ገልጦ አየ። በሟቹ ፊት ሦስት ንጉሥ ያለበት የካርታ ረድፍና የተቆለለ የልብስ ቁልፍ አለ። በወዲያኛው ወንበር በኩል አስ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስድስትና ሰባት ያለበት የካርታ ረድፍ ተዘርግቷል፤ ቁልፍ ግን አንድም የለም። ሬሳው ከተነሣ በኋላ ጠረጴዛውን እንደነበረ ሸፍኖ ክፍሉን አሸገው።

ልብስ ሰፊው ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን ሲዘጋ ከኋላ ክፍል ፖከር የሚባል የካርታ ጨዋታ ያስተምር ነበር። ገንዘብ አይገባበትም፤ የሚጫወቱት በካፖርት ቁልፍ ነው። ተማሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ ታናሽ ወንድሙ፣ ጎረቤቱ ፋርማሲስቷና አማቹ፣ የልጁ ባል። ወንድምየው ዕድሜ ልኩን አብሮት የሠራ ሰው ነው። ታላቁ ይቆርጣል፣ ታናሹ እጅጌ ይሰፋል።

ፋርማሲስቷ ተረኛ ስለነበረች ቀድማ መውጣቷን ተናገረች፤ መድኃኒት የገዙት ሰዎችም መሰከሩላት። አማችየው ከሟቹ ጋር ብቻውን መቅረቱን አልካደም። ሟቹ ሁልጊዜ የሚቆርጥበትን ትልቁን መቀስ «ከእንግዲህ ያንተ ነው» ብሎ እንደሰጠው፣ ሊያስሞርደው ይዞት እንደወጣ፣ ሞራጁ ዘግቶ ስለነበር ዝም ብሎ ሲዞር እንደቆየ አስረዳ። ሲዞር ያየው ሰው ግን አልተገኘም።

የሟቹ ወንድም፣ የልጅቱ አጎት፣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር የመጣው። «ኮፍያዬን ረስቼ ተመለስኩ» አለ። «በመስኮቱ መስታወት አየኋቸው። ወንድሜ ሦስት ንጉሥ ዘረጋ። አማቹ ያለ የሌለ ቁልፉን ገፍቶ ሰጠው፤ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። የአማትና የአማች ነገር ነው፣ ምን አገባኝ ብዬ ሄድኩ። ብገባ ኖሮ ወንድሜ ዛሬ ይኖር ነበር።»

«ካርታውን ከዚያ ወዲህ አይተውታል?»

«የት አይቼው። እሷ ሸፈነችው፣ እርስዎ አሸጉበት።»

የልጅቱ ባል የታሰረው በዚህ ቃል ነው። እሷም አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነገሩን አወጣች አወረደች። አጎቷ አይዋሽም፤ ባሏ አይገድልም። ከሁለቱ አንዱን ማጣቷ የማይቀር ነው። የትኛውን ብታጣ የበለጠ እንደሚያማት ራሷን ጠየቀች።

በማግስቱ መርማሪው አዲስ የካርታ ጥቅል ይዞ ቤቷ መጣ።

«ይህን ጨዋታ ታውቂዋለሽ፣ ልጄ?»

«ሻይ ሳቀርብላቸው ቆሜ ነው የለመድኩት።»

«እኔ ትልቅ ካርታ እንደሚያሸንፍ ብቻ ነው የማውቀው። እስቲ አስተምሪኝ።»

«እሱ ተራው ፖከር ነው። የአባቴ ግልብጡ ነው፤ ያነሰው ነው የሚያሸንፈው።»

ካርታውን አደለች። ለእያንዳንዱ ሰባት ካርታ ይደርሰዋል፤ አራቱ ሁሉም እንዲያያቸው ተገልጠው ይቀመጣሉ፤ ከሰባቱ አምስቱ ዝቅተኞች ይቆጠራሉ። አስ ከሁሉ ያንሳልና ከሁሉ ይወደዳል፤ ጥንድ መጣ ማለት መርገም ነው። ከዚያ የአባቷን ምክር በአባቷ ቃል ነገረችው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች ትንንሽ ካልሆኑ ወዲያው ተነሥ። የምትጠብቀው ትንሽ ካርታ በሌላው ፊት ተገልጦ ካየኸው አትጠብቀው፣ አይመጣም። ዓይንህን የማረከውን ጣል። ይህን ሁሉ የምትናገረው የሌላ ሰው ጉዳይ እንደምታወራ ሆና ነው። ስታድል የጥቁር ቀሚሷ እጅጌ ጫፍ ላይ አንድ ክር ተመዞ አየች። ቀሚሱን የቆረጠው አባቷ ነው፣ እጅጌውን የሰፋው አጎቷ።

መርማሪው ንጉሥ ደርሶት ነበርና ፈገግ አለ። «ይህንስ?»

«ይጣሉት። አባቴ ‹ንጉሥ የያዘ ቶሎ ቤቱ ይግባ› ይል ነበር።»

«አጎትሽስ?»

«አጎቴ በወጣትነቱ የለመደው ተራውን ነው። ዛሬም ንጉሥ ሲመጣለት ደስ ይለዋል። አባቴ ይስቅበት ነበር።»

«ባልሽስ?»

«እሱ ከዚህ በፊት ካርታ ነክቶ አያውቅም። የሚያውቀው ግልብጡን ብቻ ነው።»

«ቆይ» አለ መርማሪው። ለራሱ ነበር የተናገረው። ተነሥቶ ወደ ሱቁ ወሰዳትና ግድግዳው ላይ ያለውን ባዶ ምስማር አሳያት። ምን ይሰቀልበት እንደነበር ጠየቃት።

«ትልቁ መቀስ። አጎቴ ‹ወንድሜ ሲደክመው የእኔ ነው› ይል ነበር።» ያለችውን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በኋለኛው ክፍል ተሰበሰቡ። ባሏ በፖሊስ ታጅቦ መጣ፤ አላያትም። መርማሪው ጨርቁን ገለጠና ፋርማሲስቷን ማን እንዳሸነፈ ጠየቃት።

«በወዲያ በኩል ያለው ነዋ» አለች ሳታስብ። ከዚያ ቁልፎቹን አይታ ፊቷን ቋጠረች። «ታዲያ ቁልፉ ምነው በተሸናፊው ፊት ተቆለለ?»

«እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነው» አለ መርማሪው። «ጨዋታውን ያስተማረ ሰው ሦስት ንጉሥ ይዞ እስከ መጨረሻ አይቀመጥም። ቢቀመጥም ቁልፍ ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። ስለዚህ ይህ ጨዋታ አልተካሄደም፤ ጠረጴዛው የተሰናዳው ከሞተ በኋላ ነው፤ ያሰናዳውም ትልቅ ካርታ የሚያሸንፍበትን ተራውን ፖከር የለመደ ሰው ነው። አማችየው ራሱን ለማስጠርጠር አያሰናዳውም፤ ቢያሰናዳውም ከግልብጡ ሌላ አያውቅም። ፋርማሲስቷ ሥራ ላይ ነበሩ።» ወደ አጎትየው ዞረ። «እርስዎ ያልተካሄደ ጨዋታ አየሁ አሉኝ። ካርታውን ደግሞ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም ብለዋል። ያልሆነውን ነገር ልክ እንደተዘረጋው አድርጎ የሚያውቅ፣ የዘረጋው ሰው ብቻ ነው።»

አጎትየው ካርታውን ተመለከተ። «ግልብጡን እኮ ተምሬዋለሁ» አለ።

«በረጋ ልብ ቢሆን አይሳሳቱም ነበር። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ።»

«ምስማሩ ባዶ ነበር» አለ አጎትየው ለእሷ ብቻ እንደሚነግራት። «‹መቀሱስ?› አልኩት። ‹ለልጁ ሰጠሁት፤ አንተማ እጅጌህ አለልህ› አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ።»

ፖሊሱ የባሏን እጅ ፈትቶ የአጎቷን አሰረ። አጎቷ በአጠገቧ ሲያልፍ ዓይኑ ከእጅጌዋ ጫፍ ላይ አረፈ።

«ክሩን አትጎትቺው» አላት። «ይተረተርብሻል።»

ሁሉም ሲወጡ ባሏ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። እሷ ክሩን በጣቷ ጠቅልላ ባለ በሌለ ኃይሏ ጎተተችው። ጫፉ ተበጥሶ እጇ ላይ ቀረ፤ እጅጌው ግን ንቅንቅ አላለም። አጎቷ አጥብቆ ነው የሰፋው። ያን ጊዜ አለቀሰች።