ድምጿ አይሰማም

«ያስጠራሁዎት፣ ዓመቱን ሙሉ በክፍል ውስጥ የጀዊሪያን ድምፅ ሰምቼው ስለማላውቅ ነው» አለች መምህርት ውቢት።

የልጅቷ አባት አቶ ዘይኑዲን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ጀዊሪያ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። አባቷ ሽንኩርት እየነቀሉ ሳለ ትምህርት ቤት ይፈለጋሉ ተብለው፣ ልጄ ምን አጥፍታ ይሆን እያሉ ላብ በላብ ሆነው ነበር የመጡት። አሁን ፊታቸው ፈካ። ለእሳቸው ድምጿ የማይሰማ ልጅ ማለት የታረመች፣ አገር የሚመርቃት ልጅ ናት። ዘንድሮ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ለመጣችው መምህርት ደግሞ ዝም ያለ ተማሪ የታመመ ያህል ያሳስባታል።

መምህርቷ በሌላ መንገድ ሞከረች። ልጅቷ በእረፍት ሰዓት ብቻዋን ግድግዳ ተደግፋ እንደምትቀመጥ፣ ስትጠየቅም አንገቷን እንደምትደፋ ነገረቻቸው። አባት ኮራ ብለው እናቷም እንዲያው ናት፣ ማሻአላህ፣ ከሷ ወርሳው ነው አሉ። ደወሉ ተደወለ። መምህርቷ ልትስቅም ልትናደድም እየቃጣት መጽሐፏን አነሳች።

«ጀዊሪያ፣ በይ አንቺው አስረጃቸው» ብላ ወደ ክፍል ገባች።

የሚብራራው ነገር ቀላል አልነበረም። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በየተራ ከፊት ቆመው ስለ አካባቢያቸው ይናገራሉ፤ ሃያ ማርክ አለው። ጀዊሪያ ተራዋ ሲደርስ ቆመች፣ አፏ ደረቀ፣ ተቀመጠች። ዜሮ። የመጨረሻው ዕድል ሰኞ ነው። የተሳትፎው ማርክ ቀድሞ ስላመለጣት ይኼም ከቀረ ትምህርቱን ትወድቃለች። መምህርቷ የፈለገችው ቤት ውስጥ ሰው ፊት እንዲያለማምዷት ነበር።

አምና እኮ መምህር አራጌ «እናንተ ጯሂዎች፣ እንደ ጀዊሪያ ሁኑ» እያለ ያስጨበጭብላት ነበር። ያችው ጀዊሪያ ናት። ታዲያ በአንድ ክረምት ምን ተበላሸ? እሷ ናት ወይስ ትምህርት ቤቱ? ብቻዋን መቀመጥ አንዳንድ ቀን ደስ ይላታል። ሌላ ቀን ደግሞ የክፍሏ ልጆች እነ ኢልሀም ሲሳሳቁ ስታይ ሄዳ መቀላቀል ያምራታል። የትኛው እውነተኛ ጠባይዋ እንደሆነ ራሷም ግራ ገብቷታል።

የዕለቱ ትምህርት አልቆ አብረው ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ባጃጅ ውስጥ አባቷ ለሹፌሩ ለአላምረው አወሩለት፤ አስተማሪዋ ልጃቸውን ልታመሰግንላቸው ከሥራ አስጠራቻቸው። «አሪፍ ነዋ ፋዘር!» አለ አላምረው። መንገድ ላይ አስቁመው ማንጎ ገዙላትና ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። ጀዊሪያ በኀፍረት ፊቷ ጋለ። አባቷን እንዲህ ተደስተው ካየቻቸው ቆይታለች። ትልቅ ሰው ሲናገር ማረም ደግሞ ነውር ነው። ዝም ካለች ጨዋ ልጅ ናት፤ ግን ዝም ብሎም መዋሸት ይቻላል ለካ።

ደጃፍ ሲደርሱ አባቷ ብሥራቱን ሊያሰሙ እናቷን ሊጣሩ ነበር። የትከሻቸውን ፎጣ ጫፍ ያዘች።

«አባየ፣ ቲቸር እያመሰገነችኝ አልነበረም።»

«እና ምን እያለች ነበር?»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ዜሮውን፣ ሰኞን፣ ግድግዳውን። ድምጿ ቢንቀጠቀጥም አላቆመችም። አባቷ እሷን አዩ፣ ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። አፍረው ነበር።

«እኔ እኮ ምርቃት መስሎኝ» አሉ። ቀና ብለውም ጠየቋት፦ «አንቺስ ምን ትያለሽ? እሷ ናት ልክ ወይስ እኔ?»

በአሥራ አራት ዓመቷ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«አላውቅም አባየ። ግን ሰኞ እናገራለሁ። መጀመሪያ አንተ ስማኝ።»

አቶ ዘይኑዲን ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ አሉ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሏት።

ማንጎውን መሬት አስቀምጣ ቀጥ ብላ ቆመች። «ስሜ ጀዊሪያ ዘይኑዲን ነው። የምኖረው ቆቦ...» ስትል አንድ የጭነት መኪና እያጓራ አለፈና የቀረውን ዋጠው። አባቷ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደ እሷ ጎንበስ አሉ።

ጀዊሪያ ከመጀመሪያው ጀመረች።