በሱለይማን ስፍራ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ሲጋመስ፣ አሶሳ የክልል ርእሰ ከተማ መሆኗን ገና አልለመደችውም ነበር፤ ሰንደቁ ተሰቅሏል፣ ሹመቱ ተሰጥቷል፣ ቢሮዎቹ ግን ጣሪያ ፍለጋ ይዞሩ ነበር። ሹማምንቱ ከወንበሮቹ ቀድመው በመድረሳቸው፣ አንድ ክቡር ኃላፊ ቢራ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ሦስት ምክትሎችን በቁማቸው ሾመ ተብሎ ተወርቷል፤ ማጋነን ነው፤ ምክትሎቹ ሁለት ነበሩ።

ከሁሉ ዘግይቶ የደረሰው የአማርኛ መጻፊያ መኪና ነው፤ በዚያው የጭነት መኪና ላይ፣ ከደብረ ማርቆስ የተመደበው ጸሐፊ አቶ ለገሰ ተካ ታይፑን እንደ ሕፃን አቅፎ ወረደ። አርባን የተሻገረ፣ ሚስትም ልጅም ያልነበረው ሰው ነው፤ ቀን የሹማምንቱን ቃል ሲመታ ይውላል፤ ሲመሽ የራሱን ቃል የሚሰማው አልነበረም። የተከራያት ክፍል ግድግዳዋ ቀርከሃ ስለ ነበር ማዶ ያሉት ቤተሰቦች ሲስቁ ይሰማል፤ የሚስቁት ግን በበርታኛ ነው፤ ለገሰም ምን እንዳሳቃቸው ሳያውቅ አንዳንዴ አብሮ ይስቅ ነበር፤ ሁልጊዜም ዘግይቶ።

በዚያ ሰፈር የለገሰን ሰላምታ ቆሞ የሚቀበል አንድ ሰው ነበር፤ ሱለይማን አልመሐዲ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ባለ ትልቁ የማንጎ ግቢ። የሱለይማን ማንጎ ሲወድቅ ባምባሲ ድረስ ይሰማል ይሉ ነበር፤ ሐሰት ነው፤ ከመንገዱ እኩሌታ አያልፍም። ይህ ሰው አንድ ማለዳ ለገሰ ቢሮ ገብቶ ጥምጣሙን አወለቀ።

«ልጄ፣ ሴቷ፣ ደማዚን ነው ያለው። አሞታል። ሱዳን እሄዳለሁ» አለ፣ ወንድና ሴት በማይለይ አማርኛው። «ወረቀት ጻፍልኝ። ቤቴን አንተ ያዝ።»

«ጋሼ ሱለይማን፣ የአጎትዎ ልጅ አልማሂ አለ አይደል? ለምን ለዘመድ አይሰጡትም?»

«አልማሂ ቤቴን ይወዳል» አለ ሱለይማን። «አንተ ቤት አትወድም። አንተ ሰው ነው የምትወድ።»

ለገሰም ከዚህ ቃል በኋላ ውክልናውን ጻፈ፤ ስለ ሕግ የሚያውቀው ከሌሎች ወረቀቶች የቀዳውን ያህል ብቻ ነበርና፣ ቃሉ በበዛ ቁጥር ሥልጣኑ የሚሰፋ መስሎት፣ «በማናቸውም ጉዳዬ ሁሉ፣ በንብረቴ ሁሉ፣ በመብቴ ሁሉ፣ እንደ እኔ ሆኖ ሁሉን እንዲፈጽም» እያለ «ሁሉ»ን እንደ በርበሬ ነሰነሰው። በምስክሮች ፊት ፈረሙ፤ ማኅተም ተመታ፤ ሱለይማንም ቁልፉን አስረክቦ ወደ ኩርሙክ በሚሄድ መኪና ተሳፈረ።

ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ ሐምዳን ነፊር ጠሩ። ነፊር ደገኞች ደቦ የሚሉት ነው፤ የአንዱ ጎጆ ሲከደን ወይም የአንዱ ማሳ ሲታረም ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል፤ ሰው ያልላከ ቤት ከሰው አይቆጠርም። ሼህ ሐምዳን እያንዳንዱን ቤት ጠርተው ጠርተው፣ «ከሱለይማን ቤት ማን መጣ?» ሲሉ፣ ለገሰ በቢሮ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ «እኔ ነኝ፤ ውክልና አለኝ» አለ።

ሼሁ ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት፤ ፊደሉን ባያነቡትም ማኅተሙ ደስ አላቸው። «እንዴት ይላል?»

«በሁሉ ነገር እንደ እሱ ሆኜ ይላል።»

«ኸላስ! ሱለይማን አንተ ነህ» አሉ ሼሁ። «ሣር ተሸከም!»

አልማሂም ከጣሪያው ላይ ሆኖ፣ «ሱለይማን ደማዚን ሄዶ ቀጥኖ መጣ! ምነው፣ እዚያ ምግብ የለም?» ብሎ ጮኸ፤ ሰዉ ሳቀ፤ ለገሰም ሳቀ፤ በዚያች ቀን ግን አልዘገየም።

ሥራው ሲያበቃ በገንፎው ዙሪያ፣ በሼሁና በአልማሂ መካከል፣ በሱለይማን ስፍራ አስቀመጡት። ከንከሴ የሚሉት የባሚያ ወጥ እንደ ማር እየተሳበ ከእጁ እስከ አገጩ ድልድይ ሠራ፤ ይህንንም አይተው ሳቁበት። ለገሰ አሶሳ ከገባ ጀምሮ ከሰው ጋር ማዕድ ሲቀርብ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲህም በየነፊሩ «ሱለይማን!» ሲባል «አቤት!» ይል ጀመር፤ እያደርም «ለገሰ» ብሎ የሚጠራው ከታይፑ ላይ ወረቀት የሚቀበለው ኃላፊ ብቻ ሆነ። ማንጎው በደረሰ ጊዜ ግቢውን ለሰፈሩ ከፈተ፤ ከገበያው እስከ መስጊዱ ያለ ልጅ ሁሉ አፉ ቢጫ ሆነ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ጥር ላይ በኩርሙክ ጦርነት ተነሣ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ከደማዚን ወሬ የሚያመጣ ነጋዴም ጠፋ። ሰው ሁሉ ስለ ሱለይማን ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር በጀመረበት በዚያ ሰሞን፣ አልማሂ አንድ እንግዳ ይዞ መጣ፤ ነገራ የሚባል፣ ከወለጋ የመጣ፣ ለቢሮዎች ቤት የሚያሠራ ሥራ ተቋራጭ ነበር። ነገራ ግቢውን ዞሮ አየና፣ «ማንጎውን ቆርጠን ባለ ብዙ ክፍል ቢሮ እንተክላለን፤ የውኃ ቧንቧም ለሰፈሩ እስባለሁ» አለ። ስለ ቧንቧው ሲሰሙ ሼህ ሐምዳን እንኳ ጢማቸውን ዳሰሱ፤ የሰፈሩ ሴቶች ውኃ የሚቀዱት ከሩቅ ነበርና።

«ሱለይማን ቢመጣ ገንዘቡን ይወስዳል፤ ባይመጣ ዘመድ አለው» አለ አልማሂ። «ወረቀትህ ሁሉ ይላል አይደል? ጁምዓ ነፊር አለ፤ እዚያው ትፈርማለህ። ካልፈረምህ ምኑን ሱለይማን ሆንህ?»

ለገሰ በማግስቱ ውክልናውን በብብቱ ይዞ፣ ከእህል መጋዘንነት ወደ ፍርድ ቤትነት ወዳደገው አዳራሽ ሄደ። ዳኛዋ የሺሀረግ ይባሉ ነበር፤ ከሩቅ ተመድበው የመጡ ወጣት ናቸው። ወረቀቱን አንብበው ቀና አሉ።

«ይኼን የጻፈው ማነው?»

«እኔው ነኝ፣ ክብርት ዳኛ።»

«‹ሁሉ›ን ምነው እንዲህ አበዙት?»

«እንዳይጎድል ብዬ ነው።»

«አቶ ለገሰ፣ መቶ ጊዜ ቢጽፉትም አይሰፋም» አሉ ዳኛዋ። «በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው። ጣሪያውን ያድሳሉ፤ ለአጭር ዘመን ያከራያሉ፤ ሰው የተበደረውን ይቀበሉለታል። ማንጎው ሲበስል ይሸጣሉ፤ አለበለዚያ ይበሰብሳላ። ቤቱን መሸጥ፣ በዕዳ ማስያዝ፣ በስሙ መክሰስ፣ መታረቅ፣ እነዚህን ግን በስም ለይቶ የጻፈበት ልዩ ውክልና ከሌለዎ አይችሉም።»

«ማንጎውን በነፃ መስጠትስ?»

«ስጦታም ልዩ ውክልና ይፈልጋል። ሰጥተዋል እንዴ?»

«ትንሽ» አለ ለገሰ።

ዳኛዋ ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ባለቤቱ ይጠይቅዎ። እኔ አልሰማሁም።»

ለገሰ ወረቀቱን አጥፎ ሊሄድ ተነሣና ተመለሰ። «ክብርት ዳኛ፣ ነፊር ሲጠራ በእሱ ስፍራ መቀመጥስ? ገንፎው ላይ?»

«እሱን ሕጉ አያውቀውም» አሉ ዳኛዋ፤ ቀጥለውም እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ሰው፣ «ደስ ይላል?» ብለው ጠየቁት።

«በጣም» አለ ለገሰ።

ጁምዓ ደረሰ። ለገሰ ከማለዳው ጀምሮ ሣር ሲያቀብል፣ የሚመልሰውን ሲያወጣና ሲያወርድ ዋለ። «አልሸጥም» ብቻ ቢል፣ ሱለይማን ነህና ዘመድህን ስማ ብለው ዕለት ዕለት እንደሚወተውቱት፣ አንድ ቀንም እንደሚረታ ራሱን ያውቀዋል፤ በሩን ለዘለዓለም የሚዘጋው እውነቱ ብቻ ነበር፤ እውነቱ ግን በርሱም ላይ ይዘጋል። ገንፎው ቀርቦ፣ ነገራ ብዕሩን አውጥቶ ሲዘረጋለት፣ ለገሰ እጁን ከማዕዱ ሰበሰበ።

«ልፈርም አልችልም» አለ። «ዳኛ ጠይቄአለሁ። ይህ ወረቀት ጣሪያ ያሳድሳል፤ የበሰለ ማንጎ ያሸጣል፤ ቤት አያሸጥም። ጠባቂ ነኝ እንጂ ሱለይማን አይደለሁም።»

«ሁሉ ይላል ብለህ አልነበር?» አለ አልማሂ።

«አላወቅሁም ነበር።»

«እንግዲያ እስከ ዛሬ በሱለይማን ስፍራ ገንፎ የጠረገው ማነው?»

ሰዉ ሳቀ፤ ክፋት አልነበረበትም፤ ለገሰ ግን መሬት መሬት አየ። ሼህ ሐምዳን ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ቀስ ብለው፣ «ጥሩ ሰው ነህ። ወላሂ አልዋሸህም» አሉ። «ግን ነፊር የቤት ባለቤት ነው። ጠባቂ ቤት ይጠብቃል።»

«ለራሴ ቤት ብመጣስ?» አለ ለገሰ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ።

«ቤትህ የቱ ነው?»

ክፍሏ የኪራይ ነበረች። ለገሰ እጁን ታጥቦ ተነሣ፤ ነገራም ብዕሩን ከቶ ሌላ ሰፈር ሌላ ግቢ ገዛ፤ ቧንቧውም ወደዚያ ሄደ፤ ሴቶቹም ውኃ ከሩቅ ሲቀዱ የማንን ስም እያነሡ እንዳማረሩ ለመናገር አያስፈልግም። ከዚያ ወዲህ ነፊር ሲጠራ ከሱለይማን ቤት ማን መጣ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ለገሰ ጣሪያውን ለብቻው ከደነ፤ ማንጎውን በየወቅቱ ሸጦ ዋጋውን ለባለቤቱ አስቀመጠ፤ በቀርከሃው ማዶ ሲሳቅም መሳቅ ተወ፤ በርታኛውን በመጠኑ ለምዶ ስለ ነበር፣ አንዳንዴ የሚሳቀው በምን እንደ ሆነ ይገባው ጀመር።

ሱለይማን በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና፣ ልጁን ቀብሮ፣ የልጅ ልጁን በጀርባው አዝሎ ተመለሰ። ግቢውን ዞረ፤ ግድግዳውን ዳሰሰ፤ «ቤቱ አለ» አለና ከደጃፉ ተቀምጦ አለቀሰ። ለገሰ ቁልፉን አስረከበው፤ በዚያው ወር ቡለን ወረዳ አዲስ ታይፕ ደርሶ ነበርና ወደዚያ ተዛውሮ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ያየውን ሰው አላገኘንም።

ስለዚያ ዘመን የሚነገረው የምክር ቤቱ ምሥረታ፣ የሹማምንቱ ስም፣ የየቢሮው ምረቃ ነው። በሰፈሩም ዘንድ ያን ግቢ ከነዛፎቹ ከመሸጥ ያዳነው ማነው ቢባል መልሱ አንድ ነው። ሕግ እንደሚለው፣ ወኪል በሥልጣኑ ልክ የሠራው ሁሉ ወካዩ ራሱ እንደ ሠራው ይቆጠራል፤ ታሪክም በዚህ ረገድ ከሕግ አልተለየም፤ ቤቱን በዚያ ክፉ ዘመን ያቆየው ሱለይማን አልመሐዲ ነው፤ እርሱም በዚያን ጊዜ ደማዚን ነበረ።