ፀሐይ የመታው ጡት

ድህነት ብቻውን ቢመጣ ሰው ይችለው ነበር። የሚጨርሰው ከፍርሃት ጋር ተጋብቶ ሲመጣ ነው! በሰቆጣ አቅራቢያ ባለችው ዝቋላ፣ ገደል አፋፍ ላይ በተሠራች ጎጆ ውስጥ ውባንቺ፣ የአምስት ወር ልጇ ሰማኸኝና አማቷ እማሆይ ወለተ ሰንበት ይኖሩ ነበር። የቤቱ አባወራ ምንዋጋው፣ ዝናቡ እምቢ ባለበት በ1995 ዓ.ም. ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ እንደወረደ ወሬው ጠፍቷል። ውባንቺ የእርዳታ እህል ለማግኘት ተራራው ላይ ድንጋይ እየተሸከመች እርከን ስትሠራ ትውላለች።

እማሆይ ክፉ አማት አልነበሩም። ምነው ክፉ በሆኑ! ክፉን ሰው መጥላት ይቻላል። እሳቸው ግን ከምንዋጋው በፊት ሦስት ሕፃናት የቀበሩ እናት ናቸው። የመጀመሪያው ልጃቸው የሞተው፣ ከአጨዳ ላብ በላብ ሆነው ተመልሰው ባጠቡት ማግስት ነበር። «ፀሐይ የመታው ጡት ገደለው» አሉ ጎረቤቶች። ከዚያ ወዲያ ሥራ ውለው ሲገቡ ወተታቸውን መሬት ላይ ያፈሱ ጀመር። ቀጥለው የተወለዱት ሁለቱ ግን እንዲያም ሆኖ ሞቱ። ምንዋጋውን የወለዱት እግራቸው ተሰብሮ ከቤት በዋሉበት ዓመት ነው፤ እሱም ተረፈ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

«ልጄ፣ ሥራ የዋለ ገላ ወተቱ መርዝ ነው። አፍሽው» ይሏታል ውባንቺ ከተራራው ስትወርድ።

«እሽ፣ እማሆይ።»

ታፈሳለች። ገላዋ እስኪቀዘቅዝ ጥላ ሥር ትቀመጣለች። ሕፃኑ እስከዚያ ድረስ የፍየል ወተት በወንዝ ውሃ እየቀጠነ በጡጦ ይሰጠዋል።

አንድ ቀን ግን እማሆይ ሕፃኑን ለጎረቤት ትተው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳለ ውባንቺ ከሥራ ገባች። ልጁ ያለቅሳል። ጡቷ ሞልቶ ይወጥራታል። ላቧ ሳይደርቅ አነሳችና አጠባችው... እናት አይደለችም? በሦስተኛው ቀን ሰማኸኝ ተቅማጥ ያዘው። ገደልሁት! አለች ውባንቺ በሆዷ። ለማን ትናገር? እማሆይ ደግሞ ነገሩን ሳያውቁ፣ «እስኪሻለው ጨርሶ አይጥባ» ብለው አዘዙ። ተቃውሞ ከየት ይምጣ? የገዛ ጡቷን እንደ እባብ ፈርታዋለች። ጡጦው ብቻ ቀረ። ልጁ ዓይኑ ጎደጎደ፤ የእናቱን ጣት ይጨብጥ የነበረ እጁ ላላ።

ጎሕ ሲቀድ ወደ ሰቆጣ ጤና ጣቢያ ተነሡ። ውባንቺ ልጇን አዝላ ከፊት፣ እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው ከኋላ። ቁልቁለቱን ወርደው ዳገቱን ሲጀምሩ ፀሐይዋ ከረረች። ሕፃኑ አለቀሰ። ልቅሶውን ስትሰማ ወተቷ በራሱ እየፈሰሰ ቀሚሷን አራሰው። ጀርባዋ ላይ የሚራብ ልጅ፣ ደረቷ ላይ የሚፈስ ወተት! እንዲህ ያለ ስቃይ የት ይገኛል?

«እማሆይ... አንዴ ብቻ... ከንፈሩን ላርጥብለት...»

«በዚህ ፀሐይ? ልትገድይው ነው? ስለ ማርያም ብለሽ!» አሉ እማሆይ እያለቀሱ።

ጥቂት እንደሄዱ ልቅሶው ቆመ። ሁለቱም ሕፃኑን ለማየት ፈሩ። ውባንቺ ትንፋሹ ማጅራቷ ላይ ይሰማት እንደሆነ እያዳመጠች ሄደች። አንዳንዴ ይሰማታል፤ አንዳንዴ ነፋስ ይሆናል።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ነርሷ ዓይናዲስ ሕፃኑን ተቀብላ ገላለጠችው። «ጡት የጠባው መቼ ነው?» ስትል ውባንቺ እግሯ ሥር ወደቀች።

«እኔ ነኝ የገደልሁት! ላቤ ሳይደርቅ አጠባሁት! ከታመመ ወዲህ ጡጦና የወንዝ ውሃ ብቻ ነው የሰጠነው!»

ነርሷ ደነገጠች። «ተነሽ እህቴ። ሥራ ወተት አይመርዝም። ከባድ ሸክም የሚጎዳው አንችን ነው፤ ወተትሽ ግን ያው ነው። ልጁን ያሳመመው ያልፈላው ውሃና ጡጦው ነው። በይ አሁን እለቢልኝ!»

ለመጥባት አቅም አልነበረውምና በማንኪያ አንጠባጠቡለት። የመጀመሪያው በአገጩ ፈሰሰ። ሁለተኛውም ፈሰሰ። ውባንቺ ደግማ ስትሰጠው ጉሮሮው ተንቀሳቀሰ... ዋጠ! በተቅማጥ መድኃኒትና በእናቱ ወተት ሲደጋገፍ ሰንብቶ አንድ ጧት ራሱ ጡቷን ፈልጎ ያዘ። ውባንቺ እልል አለች። እማሆይ ግን እልልታውን አልተቀበሏትም። ወደ ነርሷ ቀረቡ።

«ፀሐይ የመታው ጡት ልጅ አይገድልም አልሽ?»

«አይገድልም፣ እማማ።»

«እንግዲያ ያፈሰስሁት... የኔዎቹ ልጆች...»

እማሆይ ያኔ ተሰብሮ የነበረውን እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። «ምንዋጋውን ያተረፍህልኝ አንተ ነህ?» አሉት እግራቸውን፤ ከዚያም ልጆቹን በየስማቸው እየጠሩ የዚያን ዘመን ለቅሶ እንደ አዲስ አለቀሱ። ውባንቺ ሕፃኑን እንደታቀፈች አጠገባቸው ተቀመጠች። «አላወቁም ነበር፣ እማሆይ። እኔም አላወቅሁ» አለቻቸው። እቅፍ አደረጓት።

ሲመለሱ ዳገቱ ወገብ ላይ ደከማቸውና ድንጋይ ላይ አረፉ። ላብ በላብ ሆነዋል። የውባንቺ እጅ በልማዱ ወተቱን መሬት ላይ ሊያልብ ጡቷን ያዘ። እማሆይ እጇን ቀልጠፍ ብለው ያዙት።

«አታፍሽው ልጄ። አንዲት ጠብታ አታፍሽ።»

ነጠላቸውን ዘርግተው ለሁለቱም ጥላ ሆኑላቸው። ዕድል ነው እንላለን፤ የእግዜር ቁጣ ነው እንላለን። ስንቱን ግን በገዛ እጃችን፣ እየወደድነው፣ እያለቀስንለት ቀበርነው? የእማሆይን ሦስት ልጆች ማን ይመልስላቸው? ሰማኸኝ ከአያቱ ነጠላ ሥር ዓይኑን ጨፍኖ ይጠባል።