አንድ ስንዝር የተቆረጠ አልጋ

ከአናጢው ጋር ገና በተዋወቅን በሳምንቱ ነው የጮኽኩበት። መጮህ ብቻ አይደለም፤ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ነበር።

የመኪና አደጋ ደርሶብኝ እግሮቼ አልታዘዝ ካሉኝ ሦስት ዓመት ሆኗል። ጠዋት ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ማታ ከወንበር ወደ አልጋ የምታነሳኝ እናቴ ነበረች። ዘንድሮ ግን ወገቧ እምቢ አላት። ታላቅ ወንድሜም ጠዋት ማታ እየመጣ ሲያነሳኝ ሰነበተና አንድ ቀን የእንክብካቤ ማዕከል የሚሉትን ነገር አመጣ።

«ቤቱ ካልሆነሽ ምን ላድርግ? እማዬንም እኮ ልናጣት ነው» አለኝ። ቤቱን እንዳስተካክል እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጠኝ፤ ካልሆነ ማዕከል መግባቴ ነው። እኔ ደግሞ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም። የተወለድኩት እዚህ ነው፤ የመጻሕፍት እርማት የምሠራውም በዚሁ ሳሎን ነው።

አናጢው በሮቹን ሊያሰፋ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ወንበሬን ለካ፤ በሳምንቱ አዲሱን የመኝታ ቤት በር ገጠመ። ደስ ብሎኝ ጎማዬን እየገፋሁ ልገባ ስል የሁለቱም እጆቼ ጣቶች በበሩ መቃን ተላጡ።

«ባዶ ወንበር ነው እንዴ የለካኸው? በገባሁ በወጣሁ ቁጥር እጄን ሳሎን ትቼው ልሂድ?»

ጣቶቼን አየ። ከዚያ ዓይኔን አየ። ሰበብ ይደረድራል ብዬ ስጠብቅ፣ «እውነትሽን ነው። እጅሽን ረሳሁት» አለ። ቀጥሎም፣ «ሶፋው ላይ ስትሆኚ ወንበሩን ታውሺኛለሽ?»

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ በወንበሬ ዋለ። ከመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ጋር ታገለ፤ ከወጥ ቤቱ መደርደሪያ ብርጭቆ ሊያወርድ ተንጠራርቶ አቃተው። እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ በሳቅ ሞትኩ።

«አንተ ልጅ፣ ግድግዳዬን ጨረስከው እኮ!» ትላለች እናቴ።

ከዚያ ወዲህ እኔን ሳይጠይቅ ሚስማር አልመታም። በሩን አፍርሶ አሰፋው፣ ደፉን አነሳ፣ የእጅ መታጠቢያውን ዝቅ አደረገ። ሲጠይቀኝ ዓይኑ ፊቴ ላይ ትንሽ ይቆያል፤ እኔም መልሱን እያወቅኩት የማስብ እመስላለሁ። ሥራው እንዳያልቅ የማልፈልገውን መደርደሪያ ሁሉ አዘዝኩ። ወደድኩት፣ በቃ፣ ምን ይደረግ!

የቀረው አልጋው ነበር። ከወንበሬ በጣም ከፍ ስለሚል ሰው ካላነሳኝ አልወጣበትም፣ አልወርድም። ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው አናጢው መላጊያውን አስቀመጠ።

«አግቢኝ» አለኝ።

እርማቴን ትቼ ቀና አልኩ።

«ጠዋትም ማታም እኔ አነሳሻለሁ። እናትሽም ያርፋሉ፤ የማዕከሉም ነገር ይቀራል።»

ምነው «አግቢኝ» ብሎ ዝም ባለ!

«ተሸካሚ ልሁንሽ ነው የምትለኝ?» እንባዬ መጣ። «ዛሬ እሺ ብልህ፣ ወድጄህ ይሁን ጨንቆኝ በምን አውቃለሁ? የተጣላን ቀንስ? ተኮራርፈን፣ 'እባክህ አንሳኝ' ልልህ ነው?»

ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። እናቴ፣ «ምን ብለሽው ነው ልጄ?» ስትለኝ ሆድ ባሰኝና አለቀስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ መጥቶ ሳያነሳኝ አናጢው መጋዝ ይዞ ደረሰ። ሰላምታው ራሱ በጭንቅ ነው የወጣው። አልጋው ላይ ቀና ብዬ እንድቀመጥ ጠየቀኝ፤ ፍራሹ በክብደቴ ሲረግብ ከወለሉ ያለውን ከፍታ ለካ። ከዚያ አልጋውን እኔ እንዳለሁበት በእንጨት ደግፎ አራቱንም እግሮች አንድ አንድ ስንዝር ቆረጣቸው። ግድግዳው ላይ የብረት መያዣ አጥብቆ አሰረ። ካልሲ የማይዝ እስኪሆን ያለሰለሰው ጣውላም ነበረው፤ ከአልጋው ወደ ወንበሬ እንደ ድልድይ ዘረጋው።

እናቴ ልትደግፈኝ ብድግ አለች።

«እማማ፣ ግድ የለም ይቀመጡ» አላት።

መያዣውን ያዝኩ። ጣውላው ላይ ተንሸራተትኩ። መሃል ስደርስ ፈርቼ ተመለስኩ። እንደገና ሞከርኩ፤ በክንዴ ገፋ ገፋ አድርጌ ወንበሬ ላይ ዘፍ አልኩ። ማንም አልነካኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይነካኝ ከአልጋዬ ወርጄ አላውቅም ነበር። እናቴ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች።

ወዲያው ወንድሜ ጋር ደወልኩ። «ብቻዬን ከአልጋ ወረድኩ፤ የትም አልሄድም። ገላ የምታጥበኝ ረዳት ብቻ ፈልግልኝ» አልኩት። እሱም «እሺ እህቴ» አለ።

አናጢው ብናኙን እየጠረገ ነበር።

«ይኸው እንግዲህ» አለ ቀና ሳይል። «አሁን የማደርግልሽ ነገር የለም።»

«አዎ፣ የለም» አልኩ። ወንበሬን ገፍቼ ፊት ለፊቱ አቆምኩት። «እሺ ያልኩህም ለዚህ ነው።»

መጥረጊያው ከእጁ ወደቀ።

«መቼ ነው እሺ ያልሽኝ?»

«አሁን።»