የሰባተኛው መስመር ስህተት

ፀዲ ስትደውል ሀረገወይን ከኮምፒውተር ፕሮግራሟ ሰባተኛ መስመር ጋር ግብግብ ይዛ ነበር።

«እትዬ ሀረግ፣ መምህር ሞቱ! ከጓሮ ደረጃው ሥር ወድቀው አገኘኋቸው። ፖሊስ ሚልክያስን ሊወስደው ነው፤ እባክዎ ቶሎ ይምጡ!»

ሀረገወይን አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች። ኦክላንድ ከመጣች ወዲህ ሆስፒታል ታስተረጉማለች። በሃምሳ ስድስት ዓመቷ ፕሮግራም መጻፍ እማራለሁ ብላ ስትነሣ ያልሳቁባት መምህር አቤሴሎም ብቻ ነበሩ። ሳን ሆዜ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሶፍትዌር ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ከአንድ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል በነፃ ያስተምሩ ነበር። ዛሬ ጠዋት እሷ ተረኛ ስለነበረች አልኮምፓይል፣ አልሠራ ያለውን ፕሮግራሟን በኢሜይል ላከችላቸው። መልሳቸው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ ደረሳት። ተስተካክሏል ይላል። ስምንት ጊዜ ሞከረችው፤ ስምንት ጊዜ እምቢ አለ።

ላፕቶፑን በብብቷ ይዛ ሮጠች። ሰው ሞቶ፣ የእሷ ልብ እዚያች ሰባተኛ መስመር ላይ ተንጠልጥሎ መቅረቱ ራሷን አሳፈራት።

ክፍሉ ውስጥ የከተማዋ መርማሪ፣ አንዲት ቀጭን ፈረንጅ፣ ቆማ ትጽፋለች። የመምህር ላፕቶፕ ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የወንድማቸው ልጅ ሚልክያስ ጥግ ላይ ኩርምት ብሏል። የሃያ ዓመት ልጅ ነው፤ በርክሌ ይማራል።

«አንተ፣ ምን ሆነ? አንድም ሳትደብቅ ንገረኝ» አለችው።

«አንቲ፣ አይ ስዌር፣ ምንም አላየሁም። አምስት ሰዓት ላይ መጣሁ። አጎቴ ላንች ሊያበላኝ ነበር። እዚህ የፊተኛው በር ጋ ሄድፎን አድርጌ ጠበቅሁት።»

«ትናንት ከመምህር ጋር ተጣልታችኋል ይላሉ።»

«ስኩል ድሮፕ ላደርግ ነው፣ ልተው ነው ስላልኩት ጮኸብኝ። እኔም ጮህኩ።» ሄድፎኑን ከአንገቱ አወረደ። «ሶሪ ልለው ነበር የመጣሁት።»

መርማሪዋ ሀረገወይን አስተርጓሚ መሆኗን ስትሰማ ሰዎቹን እንዳታነጋግር አልከለከለቻትም። የመርማሪዋ ሐሳብም ቀላል ነበር፤ የሟቹ ስልክ እንደሚያሳየው አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ለሀረገወይን ኢሜይል ልከዋል፤ አስከሬናቸው ስድስት ሰዓት ላይ ተገኝቷል፤ ደረታቸው ላይ የግፊያ ምልክት አለ፤ በዚያ መካከል ሕንፃው ውስጥ የነበረው ይህ ልጅ ብቻ ነው። እጁን ለሰንሰለት ያቀረበው ያ አንድ ኢሜይል መሆኑ ሀረገወይንን አንገበገባት፤ የተጻፈው ለእሷ ነውና።

ፀዲን ወደ መስኮቱ ወሰደቻት። ፀዲ የክፍል ጓደኛዋ፣ አረጋውያንን በየቤታቸው የምትንከባከብ ሴት ናት። አሁንም እያለቀሰች ነው።

«ለምን ተመለስሽ?»

«ስልኬን ረስቼ፤ በጓሮ በኩል ልገባ ስል ነው ያገኘኋቸው። ክላስ አራት ተኩል ላይ አለቀ፤ በቀጥታ ሥራ ሄድኩ። እስከ ስድስት ሰዓት ያለ ስልክ ነው የዋልኩት።»

«ስትወጪ ማን ቀረ?»

«መምህርና ንጋቱ። ንጋቱ ሰኞ ሳን ሆዜ ፕሮግራመር ሆኖ ሥራ ይጀምራል አይደል? መምህር ግን ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ‹አንተ ቆይ፣ የማነጋግርህ አለ› አሉት።»

ሌላው ተማሪ ንጋቱ ከቤተ ክርስቲያን ተጠርቶ ላፕቶፑን እንዳንጠለጠለ መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ የተረጋጋ ሰው ነው።

«እግዚአብሔር ያጽናዎ፣ እትዬ። ሥራዬን እንኳን ደስ ያለህ ሊሉኝ ነበር ያስቆዩኝ። ከአምስት ሰዓት ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተቀምጬ የነገውን ማስታወቂያ እየጻፍኩ ነበር። አርባ ሰው አይቶኛል።»

«በአማርኛ ነው የምትጽፈው?»

«በምን ሊሆን ነው ታዲያ!» ብሎ ፈገግ አለ።

ሀረገወይን መቀመጥ አቃታት። ተነሣች፣ ተቀመጠች፣ ላፕቶፑን ከፈተች። ዘጠነኛ ሙከራ። ሃያ ሦስት ስህተት በቀይ ተደረደረ። መምህር በመጀመሪያው ቀን ነጭ ሰሌዳው ላይ የጻፉት ዛሬም አልጠፋም፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። «ሃያ ስህተት ስታዩ አትደንግጡ» ይሉ ነበር። «እውነተኛው የመጀመሪያው ነው። የቀሩት የእሱ ልጆች ናቸው።»

የመጀመሪያው፦ ሰባተኛው መስመር፣ የማይታወቅ ምልክት።

የድሮ ኢሜይሎቻቸውን አወጣችና ከዛሬው ጎን አስቀመጠቻቸው። ከዚያም ዓይኗን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ የመስመሩን መጨረሻ አየችው። የሞኝነቷ ነገር ገርሟት ግንባሯን መታች።

«ሁሉንም እዚህ ሰብስቢልኝ» አለቻት መርማሪዋን።

አራቱ በተማሪ ወንበሮች ተቀመጡ። ሀረገወይን ላፕቶፗን ዘግታ ቆመች፤ በአማርኛ እየተናገረች ለመርማሪዋ ራሷ ታስተረጉማለች።

«የመጀመሪያው ስህተት ያ ኢሜይል ነው። በሚልክያስ ላይ የተጫነው ሁሉ የእሱ ልጅ ነው። መምህር አስሮጠው ያልሞከሩትን ኮድ ለተማሪ ልከው አያውቁም። ይሄ ግን ኮምፓይል አያደርግም። ደግሞም ከኮዱ በላይ ‹ተስተካክሏል፣ አሁን ሞክሪው› የሚል ማስታወሻ አለ፤ በእኛው በግዕዝ ፊደል የተጻፈ። የመምህር ላፕቶፕ የመሥሪያ ቤት ነው፤ አማርኛ መጻፊያ በእሱም በስልካቸውም አልተጫነም። እስከ ዛሬ የላኩልን አማርኛ ሁሉ በፈረንጅ ፊደል ነው። ስለዚህ ይሄን የጻፉት እሳቸው አይደሉም። አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ በሕይወት ነበሩ ያለን ሌላ ሰው ነው።»

«ዛት ሚንስ፣ ያ ማለት...» አለ ሚልክያስ ቀና ብሎ።

«አንተ ሀ ሁ እንኳ አታውቅም፤ ዛሬ አለማወቅህ አወጣህ። ፀዲ በዚያ ሰዓት ስልክም አልነበራት።» ወደ ንጋቱ ዞረች። «ባለፈው ቅዳሜ መምህር ኢሜይላቸውን ባንተ ላፕቶፕ ከፍተው አሳይተውን ነበር። ከዚያ ወዲያ አካውንቱን የዘጋው አለ?»

«እኔ ምን አውቄ?» አለ ንጋቱ። «አርባ ሰው መካከል ነበርኩ አልኩሽ እኮ!»

አንቱታው ጠፋ። ሀረገወይን ልብ አለች፤ ድምፅዋን ግን አለዘበች።

«ልክ ነህ፣ ይቅርታ። እስቲ አንተ ባለሙያው እርዳኝ። የመጣልኝ መልስ ሰባተኛው መስመር ላይ መስመሩን የሚዘጋው ምልክት፣ ሰሚኮለን፣ የለውም።»

«እንዴት የለውም? አስገብቼው...»

ፀዲ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ኢሜይሉን ከእኔና ከመርማሪዋ በቀር ያየው የለም» አለች ሀረገወይን። «አልዋሸሁህም። የላክኸው ይሄ ነው፦ ፤። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ይሄን ነው፦ ;። ማስታወሻውን በአማርኛ ጻፍህና ኪቦርዱን ሳትመልስ የጎደለውን አስገባህ። ድርብ ሰረዝ ሆነ። ለእኛ ዓይን የለመድነው ነውና እኔም ስምንት ጊዜ አልፌዋለሁ። ግን አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ እንኳ ብታስሮጠው ኖሮ ታየው ነበር። ሰኞ ሥራ የሚጀምር ፕሮግራመር ኮድ ሳያስሮጥ ይልካል? ለዚያ መሥሪያ ቤት ያሳየኸው ፕሮግራም የማን ነበር?»

ንጋቱ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«የሳቸው ነው» አለ። «ሰኞ ከመግባትህ በፊት እውነቱን ንገራቸው፣ አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ አሉኝ። ዘጠኝ ዓመት መኪና ነድቻለሁ፣ እትዬ። ለሚስቴ ነግሬያታለሁ፣ ለማኅበረ ምእመናኑ ነግሬያለሁ። ደረጃው ላይ ተከትያቸው ለመንኳቸው። ዞረው እምቢ ሲሉኝ ደረታቸውን ገፋኋቸው። አንድ ጊዜ ነው የገፋኋቸው።»

«አምቡላንስ ብትጠራስ?» አለች ፀዲ እያለቀሰች።

ሀረገወይን ለመርማሪዋ አንድ ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ አስተረጎመች። ኢሜይሉ ከየትኛው ኮምፒውተር እንደተላከ ማረጋገጥ እንደሚቻልም ነገረቻት። ፖሊሶቹ ንጋቱን ከነላፕቶፑ ይዘውት ወረዱ።

ሚልክያስ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። «ይቅርታ አላልኩትም» አለ፤ በአማርኛ ነው ያለው።

«እሱ ያማል፣ ልጄ። ላሽረው አልችልም።»

ላፕቶፗን ከፈተች። ድርብ ሰረዙን አጠፋችና ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ሰሚኮለን አስገባች። አንድም ቀይ አልወጣም። ሦስት ሳምንት ስትለፋበት የከረመችው ፕሮግራም ሮጠ፤ የሚሠራበት ቀን ሲደርስ መምህሯ እንዲያዩት አስቀድማ የጻፈችውን አንድ መስመር ስክሪኑ ላይ አወጣ።

«ምን ይላል?» አለ ሚልክያስ።

ሀረገወይን ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችለት። ልጁ ራሱ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈውን አማርኛ እየተንተባተበ አነበበው።

«መምህር፣ ሠራልኝ።»