አራት ቁና ባቄላ

በ1962 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ውርጭ ወረደ። ባቄላው አበባ ላይ ነበር፤ ሲነጋ ማሳው ጠቁሮ ተገኘ። ገብሱም ገለባ ብቻ ሆነ። ሰው በጉን ሸጠ፣ ቀጥሎ በሬውን ሸጠ፣ በመጨረሻ ዘሩን በላ። ሰኔ ሲገባ ጭሰኛው ቱሳ የሚዘራው አልነበረውም። ጎረቤቱ አሮጊቷ አዴ ከዲጃ ከጓዳቸው አራት ቁና ባቄላ ሰፍረው ሰጡት። አንድ በአንድ የተለቀመ ዘር ነበር።

«ሲደርስልህ ትመልሳለህ» አሉት።

ሦስት አዝመራ አለፈ። እኩሌታው ለባለመሬቱ ይሄዳል፤ የቀረው ለቤት አይበቃም። አዴ ከዲጃ አንድ ቀንም አልጠየቁም።

ዘንድሮ ባቄላ ተወደደ። የአሰላው ነጋዴ ገብረ መድህን ወደ ውጭ አገር ይልካል፤ አሰብ ላይ መርከብ ቆሞ ይጠብቃል አሉ። የሚቀበለው የተለቀመ፣ ሙሉ ጆንያ ብቻ ነው። የቱሳ ልጅ ኢፍቱ ከጓደኛዋ ከአበራሽ ጋር ሦስት ቀን ለቀመች። ነቀዝ የበሳውና የተሰበረው ወደ ጥግ፣ ደህናው ወደ ጆንያ።

«ፈረንጅ ነቀዝ አይበላም?» አለች አበራሽ።

«እሱ የሚወደው ሥጋ ነው።»

«ነቀዝም እኮ ሥጋ ነው።»

ሁለት ጆንያ ሞላ። አንዱ ለቤት፣ የሌላው ዋጋ ለኢፍቱ ትምህርት ነው። ስምንተኛን ስትጨርስ አሰላ ቤት ተከራይታ ዘጠነኛ ትገባለች። የነጋዴው መኪና ነገ ይመጣል።

አበራሽ ወደ ቤቷ ስትሄድ ቱሳ ጥግ ያለውን ክምር በእጁ አሳየ። «ከዚያ አራት ቁና ስፈሪና ለአዴ ከዲጃ አድርሺ። ዕዳው ይውረድልን።»

«ከዚህ?»

«ባቄላ አይደለም?»

«የሰጡን ዘር ነበር፣ አባ። እሳቸውም ሰኔ ላይ ይዘሩታል።»

«አራት ቁና ወሰድን፣ አራት ቁና እንመልሳለን» አለ ቱሳ፣ ፊቷን ሳያይ። ከብቶቹን ውሃ ሊያጠጣ ወጣ።

ኢፍቱ ከክምሩ አንድ ፍሬ አንስታ በጥፍሯ ፈለቀቀችው። ውስጡ ዱቄት ነው። አዴ ከዲጃ ይህን ቢቀበሉ አይቆጡም። ተመስገን ብለው ያስገባሉ። እሱ ነው የከበዳት።

ቱሳ ሲመለስ የሁለተኛውን ጆንያ አፍ ፈትታ ስትሰፍር አገኛት። ሦስት ቁና ወጥቷል።

«ያልሞላ ጆንያ አይቀበልም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«የአሰላው ቤትስ?»

«በእግሬ እመላለሳለሁ።»

«መሄጃው ብቻ ሁለት ሰዓት ነው።»

«በጠዋት እነሳለሁ።»

ቱሳ ቁናውን ከእጇ ተቀበለ። አራተኛውን ራሱ ሰፈረ። ባቄላውን ቋጥሮ ትከሻው ላይ አወጣ።

«ስጠኝ፣ እኔ ልያዝ» አለች።

«ዕዳው የኔ ነው። ነይ ተከተይኝ።»

አዴ ከዲጃ በራቸው ላይ ተቀብለዋቸው ከቋጠሮው አንድ እፍኝ ዘግነው ወደ ብርሃን አስጠጉት። ፍሬዎቹን በጣታቸው አገላበጡ።

«ይሄ አሰብ የሚሄደው አይደለም እንዴ?»

ቱሳ ወደ ልጁ አየ።

«የእርስዎ ነው፣ አዴ» አለች ኢፍቱ።

አሮጊቷ ጓዳ ገብተው የገዛ ቁናቸውን ይዘው ወጡ። ያኔ የሰፈሩበት ነው፤ ጠርዙ በጠፍር ተጠግኗል። ኢፍቱ እየሰፈረች ገለበጠች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛውን አዴ ከዲጃ በመዳፋቸው ደልደል አደረጉት።

«ሞላ» አሉ።